ሰው የሚጸድቀው በምንድን ነው?

ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ተብሎ የሚቆመው በእምነት ነው ወይስ በሥራ? በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ ጥያቄ የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ከፍሏል።

ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር የጳውሎስን የሮሜ መልእክት ይዞ፣ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1547 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ መለሰች፦ ጸጋ ይቀድማል፤ ሰው ግን በጸጋው ታግዞ ይተባበራል፤ እምነትም ያለ ተስፋና ፍቅር ሙሉ አይሆንም። ሁለቱ ወገኖች ተወጋገዙ።

ከ4 መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጀርመን አውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የፌዴሬሽኑ አባል ናት።

የመግለጫው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ሰውን የሚቀበለው በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን፣ በጸጋ ነው፤ በሰው ብቃት አይደለም። መልካም ሥራ የጽድቅ ውጤት ነው፤ ፍሬ ከዛፍ ይወጣል እንጂ ዛፉን አይተክልም።

ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት በ2017 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን ተቀላቅለዋል። ልዩነቱ ሁሉ አላበቃም፤ በዚህ መግለጫ በተስማሙበት ትምህርት ላይ ግን የቀድሞው ውግዘት አይሠራም።