ላፕቶፑ ሲጨልም ሒሳቡ እንዳይጨልም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ሰኔ፣ ዓመታዊ ሒሳባችንን ልንዘጋ አራት ቀን ሲቀረን፣ የቢሯችን ላፕቶፕ እምቢ አለኝ። ማብሪያውን ስጫነው ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሁላችሁም ቁጠባና ብድር እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ፍላሽ ለመጨረሻ ጊዜ የገለበጥኩት ደግሞ በሚያዝያ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዲት እህታችን የምጣድ መግዣ ብድር ትጠብቅ ነበር፤ ቁጠባዋን ሳላረጋግጥ ልፈርምላት አልችልም።

ሮጬ ወደ ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኙ ገና ሳይከፍተው "ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ ፎርማትም ይደረጋል" ብሎ 7,000 ብር ጠየቀኝ። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን መደምሰስ ነው። ላፕቶፑን አቅፌ ተመለስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ለሰብሳቢያችን ስነግራቸው "አይዞሽ ልጄ፣ ደረሰኙ አለ አይደል?" አሉኝ። እውነትም የሁለቱ ወር ደረሰኝ በሙሉ በፋይል ነበር። ልቤ ያን ጊዜ ተመለሰ። ማታ የአንዲት አባላችን ልጅ፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ፣ መጥቶ በተራ በተራ አሳየኝ። በየቤታችሁ ልጆች የሚማሩበት ላፕቶፕ ስላለ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እዩ። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ፤ ቻርጀሩ በደንብ መግባቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከዚያ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። መልሳችሁ ስታበሩት ሊነሳ ይችላል።

ካልተነሳ የስክሪን ብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ልጅ ነካክቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያም በጨለማ ክፍል የስልካችሁን ባትሪ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርጋችሁ አብሩ። ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ ላፕቶፑ እየሠራ ነው፤ የጠፋው የስክሪኑ መብራት ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘትም ጥሩ መለያ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ከታየ ችግሩ ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ ነው፤ ሥራችሁን እዚያው ላይ ገልብጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

የእኛው በሁለቱም አልታየም። ልጁ ኤሌክትሪኩን አላቅቆ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ከታች ከፈተው። ራም የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነቅሎ ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ጠረገና መልሶ ገጠመው። ስናበራው ስክሪኑ ቦግ አለ! እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ለካ ራሙ በአቧራ መነካካቱ ተቋርጦ ኖሯል። ይህንን ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ራሳችሁ አትክፈቱት።

አንድ ነገር አደራ፤ ስክሪን ቢሞት እንኳ ሥራችሁ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ጥገና ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ "ዳታው ይውጣልኝ" በሉ፤ ያ ሳይሆን ለፎርማት እሺ አትበሉ።

ጥፋቱ ግን የአቧራው ብቻ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ሳልገለብጥ የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህም ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ዘወትር ዓርብ ሒሳቡን በሁለት ፍላሽ እገለብጣለሁ። አንዱ በቢሮው ካዝና፣ ሌላው በሰብሳቢያችን ቤት ይቀመጣል። በወሩ መጨረሻም ቀሪ ሒሳቡ ታትሞ በሦስት ሰው ይፈረማል። እናንተም የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ እየመጣችሁ አስተያዩ፤ አታፍሩኝ፣ ደስ ይለኛል።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር ልለምን፤ ኮምፒውተር ስትሰጡን መብራት ሲዋዥቅ የሚጠብቅልንን ስታቢላይዘር አብራችሁ አስቡልን።

እህታችን ብድሯን በሰዓቱ ወስዳለች። ዛሬ ከቡናው ጋር የበላነው እንጀራ ከእርሷ ምጣድ የወጣ ነው።