ዋጋ ከመናገር በፊት ጥያቄ ይቅደም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለሠፈራችን ሴራሚክ አንጣፊዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)




ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ደንበኛውን ምን ምን ብሎ መጠየቅ አለበት የሚል ነው። «ይህ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፥ ነው እንላለን።

ምክንያቱም ለሽማግሌዎቻችን ከሚቀርቡት አቤቱታዎች መካከል የቤት ሥራ ጠብ በየጊዜው አለበት። ባለሙያው «ዞኮሎው ዋጋው ውስጥ የለም» ይላል። ባለቤቲቱ «ዞኮሎ የሌለው ወለል የት አገር ነው ያለው?» ይላሉ። እሱ «አሮጌውን መፍረስ ለብቻው ነው» ይላል። እሳቸው «አይተኸው አይደለም ወይ ዋጋ የነገርከኝ?» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ሲመረምሩት ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም። ዋጋው በተነገረበት ቀን ስለ ዞኮሎም ስለ ማፍረስም አንድ ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ጠቡ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

ባለሙያውም ነዋሪውም የአንድ ሠፈር ሰው ነው። ነገ በዕድር ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለ አሥራ አራት ካሬ ወለል ሲባል ሰላምታ መነፋፈግ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ባለሙያዎቻችን እንዲጠይቁ፥ ነዋሪዎቻችንም በትዕግሥት እንዲመልሱ ለማሳሰብ እንወዳለን።

1ኛ. የሚነጠፈው የት ነው? ማንስ ይሄድበታል?

ሳሎን ሌላ ነው፤ ኩሽና ሌላ ነው፤ መታጠቢያ ቤት፥ በረንዳና ደረጃ ደግሞ ሌላ ናቸው። ለግድግዳ የተሠራ ሴራሚክ ስስ ስለሆነ ወለል ላይ ቢነጠፍ ይሰበራል፤ ፊቱም ቶሎ ይፋቃል። መስታወት የመሰለው ልሙጥ ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል፤ ውሃ ሲነካው ግን ያንሸራትታል።

አንድ ባለሙያ በሥራ ላይ ሳለ የጠየቀውን እንጥቀስ። «እማማ፥ ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤቱን የሚጠቀመው ማን ነው?» አላቸው። «እኔው ነኝ ልጄ፤ ዓይኔም ደከም ብሏል» አሉት። «እንግዲያው ይህን ልሙጡን ይመልሱትና ሸካራውን ይግዙ» አላቸው። ይህ ጥያቄ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። አንዲት እናት ወድቀው ወገባቸው ከሚሰበር ግን ስንት ይሻላል!

2ኛ. ከሥር ምን አለ?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም? ሴራሚክም እንደዚያው ነው። ከሥር ያለው ሊሾ ነው? አሮጌ ሴራሚክ ነው? ገና ያልደረቀ ኮንክሪት ነው? እርጥበት የሚያመነጭ ወለል ነው? ባለሙያው በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርጎ ያዳምጥ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሊሾው ከሥር ለቅቋል ማለት ነው፤ እሱ ሳይነሣ በላዩ የሚነጠፍ ሁሉ አብሮ ይነሣል።

ከዚያ ውሃ ልኩን አውጥቶ ወለሉ ትክክል መሆኑን ይይ። እስቲ አንድ ክፍል 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው እንበል፤ ስፋቱ 14 ካሬ ይሆናል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፥ በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ሙሌት ይፈልጋል። ይህ 0.28 ሜትር ኩብ ሞርታር ነው፤ አንድ ኩንታል ያህል ሲሚንቶ፥ አሸዋው፥ ተጨማሪ የሥራ ቀንም ሲደመር ማለት ነው። ሳይለካ ዋጋ የተናገረ ባለሙያ ይህን ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይም መሐል ላይ ቆሞ «ጨምሩልኝ» ይላል። ሁለቱም አያምርም።

አሮጌው ሳይነሣ በላዩ ይነጠፍ ከተባለም በሩን ከፍቶ መዝጋት ነው። ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ይያዛል። በሩን የሚቆርጠው ማን ነው? አሮጌው ይነሣ ከተባለ ደግሞ የሚያፈርሰው ማን ነው? ፍርስራሹንስ ማን ያወጣል፥ የትስ ይጣላል? በጎረቤት አጥር ሥር መከመር መልስ አይደለም።

3ኛ. ዕቃውን የሚያቀርበው ማን ነው?

«የእጅ ዋጋ» ማለት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ስለዚህ አንድ በአንድ ይጠራ፦ ሴራሚኩ፥ ሲሚንቶው፥ አሸዋው፥ ማጣበቂያው፥ መገጣጠሚያውን የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ፥ የመቁረጫው ዲስክ፥ የረዳቱ የቀን ክፍያ። እያንዳንዱ የማን ነው?

የሴራሚኩ ዓይነትም ይጠየቅ። ተራው ሴራሚክ በሲሚንቶ ሞርታር ሲነጠፍ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ አለዚያ የሞርታሩን ውሃ ይጠጣና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ፖርስሊን የሚባለው ግን ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ተራ ሲሚንቶ አጥብቆ አይይዘውም፤ ለሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ይፈልጋል። የማጣበቂያው ወጪ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ደንበኛው ፖርስሊን ገዝቶ ለማጣበቂያ ካላሰበ፥ ቀድሞ ይወቀው።

በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰር በሌለበት ሕንፃ አሸዋና ሲሚንቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። ተሸካሚውን የሚከፍለው ማን ነው? ውሃስ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በበርሜል የሚያጠራቅመው ማን ነው? ውሃ ጠፍቶ ሦስት ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ቢል ያ ቀን የማን ኪሳራ ነው? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይነገር።

4ኛ. ልኩ ስንት ነው?

በስልክ «ለካሬ በስንት ታነጥፋለህ?» ተብሎ በስልክ ዋጋ መናገር ይቅር። ባለሙያው ራሱ ሜትር ይዞ ይለካ፤ ደንበኛው አጠገቡ ይቁም።

ቀደም ብለን ያነሣነውን የ14 ካሬ ክፍል እንመልከት። ለቁርጥራጭና ለስባሪ 10 በመቶ ሲጨመር 15.4 ካሬ ይሆናል። 60 በ60 የሆነው ሴራሚክ በካርቶን አራት ፍሬ ከሆነ አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 11 ካርቶን ያስፈልጋል። ዞኮሎው የክፍሉ ዙሪያ 15 ሜትር ሲሆን፥ የበሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 14.1 ሜትር ይሆናል። ከዚያው ሴራሚክ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዞኮሎ ቢቆረጥ 24 ቁራጭ ይፈልጋል። መቁረጫው የሚበላው ስላለ ከአንድ ፍሬ አምስት ሙሉ ቁራጭ ይወጣል፤ አምስት ፍሬ፥ ማለትም ሁለት ካርቶን ይጨመራል። ድምሩ 13 ነው። ዞኮሎውን ያልጠየቀ ባለሙያ ደንበኛውን 11 አስገዝቶ ኋላ ሁለት ካርቶን ፍለጋ ገበያ ይልካል።

ገበያ መላኩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በተለያየ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙና ልኩ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የታተመው የቀለምና የልክ ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ መሆኑ ሲገዛ ይታይ። የተረፈውም አይጣል፤ አንድ ቀን ቧንቧ ሲፈነዳ ይፈለጋል።

5ኛ. አነጣጠፉ እንዴት ይሁን?

ቀጥ ብሎ ነው ወይስ በማዕዘን ተጋድሞ? በማዕዘን ሲሆን ቁርጡ ስለሚበዛ ትርፉን ከ10 ወደ 15 በመቶ ማድረግ ይሻላል፤ የእጅ ዋጋውም አንድ አይሆንም። ቁርጡ በየት በኩል ይዋል? ከበር ሲገባ ፊት ለፊት ይታይ ወይስ ከአልጋው ሥር ይሸሸግ? መገጣጠሚያው ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን፥ ቀለሙስ ምን? ደንበኛው «አንተው ታውቃለህ» ቢል እንኳ፥ ባለሙያው ሁለት ሦስት ፍሬ ሳያጣብቅ ወለሉ ላይ ደርድሮ ያሳየው። ከደረቀ በኋላ «እንዲህ አልመሰለኝም ነበር» ከመባል ይድናል።

6ኛ. ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ አጥብቀን እንናገራለን፤ ከታች ቤት የሚኖር ሰው አለና። በመታጠቢያ ቤት ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። መውረጃው የት ነው? ተደፍኖ ያውቃል? ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይደረጋል ወይ? ቅቡንስ የሚገዛው ማን ነው?

ብዙ ሰው ሴራሚክ ውሃ ያግዳል ብሎ ያምናል። ሴራሚኩስ ያግዳል፤ መገጣጠሚያው ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ከሥር ያለው ቅብ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ፥ ውሃ ሞልቶ 24 ሰዓት ይዋል ይደር፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ኮርኒሱን ይይ። ይህ አንድ ቀን ያስረዝማል። ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ኮርኒስ ቢያንጠባጥብ፥ ያማረው ሴራሚክ ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል፤ የጎረቤት ልብስና ፍራሽም ይበላሻል። ያን ጊዜ የሚከፍለው አንዱ፥ የሚቀየመው ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ነው።

7ኛ. መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል?

ቤተሰቡ ሥራው ሲካሄድ እዚያው ይኖራል ወይ? ዕቃውን ከክፍሉ የሚያወጣው ማን ነው? ከተነጠፈ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዳይረገጥ፥ ከባድ ዕቃ ደግሞ ቀናት እንዲቆይ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ በየት ይገባሉ? በበዓል ዋዜማ «ለእንግዳ ድረስልኝ» የሚል ብዙ ነው፤ ባለሙያው የማይደርስ ከሆነ «እሺ» አይበል። መቁረጫውም ይጮኻል፥ አቧራውም ይበናል። በአጠገቡ አራስ ወይም ሐዘን ያለበት ቤት ካለ፥ ሰዓቱን ተጠያይቆ መሥራት የጉርብትና ወግ ነው።

8ኛ. ክፍያው እንዴት ይሁን?

ቀብዱ ስንት ነው? ሁለተኛው ክፍያ ምን ሲያልቅ ነው? የመጨረሻውስ? ስናፈርስ ያልታየ ነገር ቢገኝ፥ የተበሳ ቧንቧ ወይም የበሰበሰ ሊሾ ቢወጣ፥ ሥራው ይቁምና ሁለታችን አይተን ዋጋ እንነጋገር ተብሎ ከወዲሁ ይታሰር። ከወር በኋላ አንድ ፍሬ ቢነሣ ተመልሶ የሚጠግነው በነፃ ነው ወይ? ይህም ይጠየቅ።

የዚህ ሁሉ መልስ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን ለታዘዘ ውል የተዋዋዮቹን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ማረጋገጫ ይጠይቃል። የእኛ ወረቀት ትንሽ ብትሆንም በዚያው ልማድ ሁለት ጎረቤት ቢፈርምባት ትጠቅማለች እንጂ አትጎዳም። ወረቀት መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ሰው ይረሳል፥ ወረቀት አይረሳም።

አሁን ደግሞ ወደ ነዋሪዎቻችን ዞር እንበል። «አንተ ዝም ብለህ ዋጋህን ንገረኝ፥ ጥያቄ አታብዛ» የምትሉ አላችሁ። ብዙ የሚጠይቅ ባለሙያ ሥራ የማያውቅ ይመስላችኋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሳይጠይቅ ቶሎ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚናገረው ሰው የሚጎድለውን ኋላ ከሲሚንቶው ይቀንሰዋል፥ ወይም መሐል ላይ ጥሎ ይሄዳል። ሦስት ባለሙያ አስጠርታችሁ ዋጋ ስታወዳድሩም ሦስቱም ያንኑ ሥራ ቆጥረው መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ዞኮሎና ማፍረስ ጨምሮ፥ ሌላው ሳይጨምር ከተናገረ ማወዳደር አይቻልም።

እናንተም ወጣት ባለሙያዎች፥ መጠየቅ አያሳፍርም። ጋሼ ወይም እትዬ ቢቆጡ እንኳ በትሕትና «ለእርስዎ ብዬ ነው» በሏቸው። የእጅ ባለሙያ ሀብቱ ስሙ ነው። ስም ደግሞ በአንድ ቤት ወለል ላይ ይገነባል፥ በአንድ ቤት ወለል ላይም ይፈርሳል። ዋጋችሁ ከሌላው ከፍ ቢል «ይህ ይህ አለበት» ብላችሁ ማሳየት የምትችሉት ስትጠይቁ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፥ ስምንቱ ጥያቄዎች በትልቅ ጽሑፍ ተጽፈው በዚህ ሰሌዳ ላይ ከዚህ ንግግር ጎን ተለጥፈዋል። መገልበጥ የሚፈልግ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ ማንበብ የማይችል ካለ ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ ያስነብብ፥ እናነብለታለን። ወለላችሁ የጸና፥ ጉርብትናችሁም የጸና ይሁን።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት