ብርዱ ይሠራልን የነበረው ሥራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ስለ አየር ጠባይ ጥቂት እንላለን። የሒሳብ ሰው ስለ ብርድና ሙቀት ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ መዝገባችን ውስጥ ስለገባ ነው።

አብዛኞቻችን ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬዳዋ የመጣን ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና ልዩነቱን እናንተው አስሉት። እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ እዚህ በዚያው ወር ነጠላ ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎን ነበር። እናቶቻችን ብቻ «ታኅሣሥ ታኅሣሥ ነው» ብለው፣ እያላባቸውም ቢሆን፣ ከጋቢያችን አንለይም አሉ።

ቀድሞ የነካን ሊጡ ነው። በደጋ ሦስትና አራት ቀን የሚቆየው ሊጥ እዚህ ሁለት ቀን ሳይሞላው ኩፍ ብሎ ያልፋል። እንጀራ ለመሸጥ ብድር የወሰዱ አባሎቻችን እንደለመዱት አቡክተው በሦስተኛው ቀን ሲከፍቱት ሆምጥጦ ቆያቸው። ደንበኛ እንጀራውን መለሰባቸው፤ ጤፉ ግን በዱቤ የተገዛ ነበር። የብድር ክፍያው የተጓተተው በስንፍና አይደለም። ይህን የምንለው መዝገቡ ላይ «ውዝፍ» የሚለውን ቃል የጻፍነው እኛው ስለሆንን ነው። መላውን ያሳዩን የድሬዳዋ ጎረቤቶቻችን ናቸው፦ እርሾውን ማሳነስ፣ ማታ ማቡካት፣ ቡሃቃውን ጥላ ውስጥ ማኖር።

ከሁሉ የከበደን ግን «ብርድ መታኝ» የምንለው ቃል ነው። ባለፈው ጥር አንዲት እህታችን ማታ ተንቀጠቀጠች። የምናውቀውን አደረግን፤ ብርድ ልብስ ደረብንላት፣ ፌጦ አጠጣናት፣ ላብ ይውጣላት አልን። ሦስት ቀን ሙሉ። በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ደሟ ውስጥ ወባ ተገኘ። ተርፋለች፤ አሁን ከመካከላችን ተቀምጣለች። ያን ዕለት ግን ልጆቿን ማን እንደሚያሳድግ በሹክሹክታ ተነጋግረን ነበር።

ደብረ ብርሃን ሳለን ወባን የሚከለክልልን ብርዱ ነበር። እዚህ ደግሞ ከክረምት ማግስት ብቻ የምትመጣ መስሎን ተዘናጋን። በድሬዳዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለምትራባ በበጋም አለች፤ በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወራት ሳይቀር ወባ በከተማዋ ተዛምቶ ነበር። ውኃ ይጠፋል ብለን በርሜሉን ሞልተን ክፍቱን የምንተወው እኛው ነን።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ለጋሾቻችን ዘንድሮም ለብርድ ልብስ ብላችሁ የላካችሁት አለ። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ፣ ሰጪው ሳይፈቅድ፣ ለሌላ አይውልም፤ ስለዚህ ሳንነካው አስቀምጠነዋል። ለበርሜል መክደኛና ለአልጋ አጎበር እንድናውለው ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ሁለቱን ካልበቃ መክደኛው ይቅደም። አባሎችም፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስታዩ ብርድ ልብሱን ትታችሁ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ፤ ለመጓጓዣው ከድንገተኛ መጠባበቂያው እንከፍላለን፣ ደረሰኝ ብቻ አምጡ።

ካለፈው ዓመት የተረፉትን ብርድ ልብሶች ለገና አገር ቤት የሚሄዱ አባሎች ይውሰዱልን፤ እዚያ የሚፈልጋቸው አይጠፋም። አሁን ሪፖርቱን ግለጡ፣ ገጽ ሁለት።