ትንፋሽ ሲመለስ በሽታው አይሄድም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው አስምን የሚያውቀው ሲነሣ ነው። በሽተኛው ሌሊት ይታፈናል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ጧት ትንፋሹ ሲመለስ ቤተ ሰቡ «ዳነ» ብሎ ይዞት ይገባል። እኛ ግን ለመናገር የፈለግነው ስለዚያ ሌሊት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ነው። የበሽተኛው ዕድል የሚወሰነው በነዚያ ዓመታት ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። ከሞቱትም የሚበዙት እንደኛ ባሉ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በ1997 የታተመው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ሆኖም የገጠሩ በሽተኛ ቁጥሩ ቢያንስ መከራው አያንስም። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ብርዱ በር ያስዘጋል፤ የኩበትና የእንጨት ጭስ ከቤት አይወጣም፤ በመኸር ደግሞ የአውድማው ገለባና አቧራ ይጨመርበታል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታፈነ ሰው ይህን መንገድ የሚጠብቅ ትንፋሽ የለውም።

በመሠረቱ አስም የሳንባ ቧንቧዎች ሁልጊዜ የሚቆጡበትና የሚያብጡበት በሽታ ነው። በሽተኛው ደኅና በመሰለበት ቀን እንኳ ቁጣው ከውስጥ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱም ሁለት ዐይነት ሆኗል። አንዱ ሳልቡታሞል ነው፤ የጠበበውን ቧንቧ በጥቂት ደቂቃ ይከፍታል፤ ቁጣውን ግን አይነካም። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ነው። ይህ ቁጣውን ያበርዳል፤ ነገር ግን ሥራው ዕለቱን ስለማይታይ በሽተኛው «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ይህን መተው ምን ያስከትላል? ቁጣው ለብዙ ዓመት ሳይበርድ ሲቀር የቧንቧው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል። በ25 ዓመቱ ጥቃቱ ሲያልፍ ሙሉ ትንፋሹን ያገኝ የነበረ ገበሬ በ50 ዓመቱ ዳገት መውጣትና ሞፈር መጨበጥ ሊያቅተው ይችላል። በየጊዜው በፕሬድኒሶሎን ኪኒን ብቻ የሚታገዝ ሰው ደግሞ አጥንቱ ሊሳሳ፥ የደም ስኳሩ ሊጨምር፥ ዐይኑ በሞራ ሊጋረድ ይችላል።

መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ ሰው ግን ዕድሉ ሌላ ነው። በ2000 ስለ ካናዳ በሽተኞች የታተመው ጥናት እንዳሳየው፥ በዓመት ውስጥ የሚወሰደው የሚያበርደው ኢንሄለር በአንድ በጨመረ ቁጥር በአስም የመሞት ዕድል በ21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፊንላንድ ከ1994 እስከ 2004 ባካሄደችው ፕሮግራም የአስም በሽተኞች ሆስፒታል የሚተኙበት ቀን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ታዲያ ቤክሎሜታዞን በ1972 ከወጣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በሽተኛው ዘንድ ያልደረሰው ስለ ምንድን ነው? ዋጋና ርቀት እንዳሉ ሆነው፥ ወሬም አለበት። «ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል፤ ለመሞት የተቃረበ ሰው መድኃኒት ነው» ይባላል። ቁጣውን የሚያበርደው መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሊፈራ የሚገባው ሳልቡታሞልን ብቻ ይዞ፥ በየጊዜው እየጨመሩ፥ ዋናውን መድኃኒት መዘንጋት ነው። በ2019 ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ለአዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት ቀርቷል ብሏል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 ሲቋቋም ዓላማው ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚሠሩ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበረ። በኋላም የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማን በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶች እንዲታዩ የተደረገው ሥራ፥ ዘላቂ በሽታን ለመከታተል የግድ ከተማ መምጣት እንደማያስፈልግ አስረድቶናል። ለአስምም ይኸው መንገድ ሊከፈትለት ይገባል።

እንግዲህ ለቡድን ሥልጠና ወደ ጤና ጣቢያዎች የምንወርድ ተማሪዎች በሽተኛውን «መቼ ተነሣብህ?» ብለን ብቻ አንለፈው። በዚህ ወር ስንት ሌሊት ሳል ቀስቅሶታል? በእጁ ያለው የትኛው ኢንሄለር ነው? እንዴትስ ይስበዋል? አሳቡ ሲያቅተው፥ ሃይላንድ የምንለውን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ቂጡን ለኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀዶ መድኃኒቱን በዚያ ውስጥ ማሳብ ይቻላል። ይህ ብልሃት በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ ተፈትኖ በ1999 ተመስክሮለታል።

መምህራኖቻችንንም እንለምናለን፤ በየጤና ጣቢያው ለአስም ሕሙማን የክትትል መዝገብ እንዲከፈት፥ የሚያበርደውም መድኃኒት ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ ድምፃችሁን ጨምሩልን። ትንፋሹ በተመለሰለት ማግሥት ያንን ሰው በስሙ ጠርቶ «መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ?» የሚለው ሰው ያስፈልጋልና።