ስለ አጥቂዋ ሎዛ አበራና ስለ ራያ ልጃገረዶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንዱ ስለ መስኖ፣ ሌላው ስለ ዞብል ተራራ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የመረጥሁት ግን ስለ እግር ኳስ ነው፤ ይኸውም ስለ ሴት ልጅ እግር ኳስ። ርእሱ ሲነበብ አንዳንድ አባቶች ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ፤ ቅርም አላለኝ። ብቻ እስክጨርስ ድረስ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

የምነግራችሁ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነው፤ ስሟም ሎዛ አበራ ይባላል። የተወለደችው በ1990 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ በከምባታ አገር በዱራሜ ከተማ ነው። የዱራሜ አገር እንሰት የሚበቅልበት ደጋ ሲሆን የእኛ አገር ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ነው። ነገር ግን ከዋና ከተማ ርቃ የተወለደች ልጅ ኳስ ልጫወት ስትል የሚገጥማት ነገር ደጋም ሆነ ቆላ ብዙ የሚለያይ አይመስለኝም። ሎዛ ከዱራሜ ተነሥታ በመጀመሪያ ለሐዋሳ ከተማ፣ ቀጥሎም ለደደቢት ተጫወተች፤ በአገራችን የሴቶች ፕሪሚየር ሊግም ብዙ ጎል በማግባት ስሟ ታወቀ። ለብሔራዊ ቡድናችን ለሉሲም ተሰለፈች።

አጥቂ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቁ እናቶች ላስረዳ። በአንድ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል ከሁሉ ፊት ሆና ጎል ለማግባት የምትሠራው አጥቂ ትባላለች። ብዙ ሰው የአጥቂ ሥራ ኳስን በኃይል መለጋት ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አጥቂ በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ በእግሯ የምትይዘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን የምታሳልፈው በመመልከትና በመሮጥ ነው። ኳሱ ከጓደኛዋ እግር ከመነሣቱ በፊት ከተከላካዮቹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። ቀድማ ከሮጠች ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነሽ ብሎ ፊሽካ ይነፋባታል፤ ከዘገየችም ተከላካይዋ ትደርስባታለች። ይህን ነገር የራያ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተን ወፍ ስንጠብቅ፣ ወፉ የት ሊያርፍ እንዳሰበ ቀድመን ካላወቅን ወንጭፋችን ሁልጊዜ ይዘገያል። እኔ አጥቂነትን የተማርሁት በመጀመሪያ እዚያ ማማ ላይ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ሎዛ መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር የወጣችው ወደ ስዊድን፣ ኩንግስባካ ወደሚባል ክለብ ነው። ስዊድን ለአፍሪካ ሴቶች እንደ በር ሆና ያገለገለች አገር ናት። ከማላዊ ገጠር የተነሡት እኅትማማቾች ታቢታና ቴምዋ ቻዊንጋም በዚያው በር ገብተዋል። ታናሺቱ ቴምዋ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 20 ጎል አግብታ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ተሸልማለች። ሎዛ ግን በስዊድን ብዙ አልቆየችም። ወደ አገሯ ተመልሳ ለአዳማ ከተማ ተጫወተች። መመለሷን ልብ በሉልኝ፤ በእኛ ዘንድ ከውጭ የተመለሰች ልጅ እንደ ወደቀች ትቈጠራለችና። እርሷ ግን ከተመለሰች በኋላ እንደ ገና በ2012 ዓ.ም. ወደ ማልታ ሄደች። ማልታ ከሲሲሊያ በታች በባሕር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በዚያ ቢርኪርካራ ለሚባል ክለብ ተጫውታ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ጎል አገባች፤ የሊጉም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነች። በዚያው ዓመት የኮሮና በሽታ መጥቶ በዓለም ያለው ሜዳ ሁሉ ስለ ተዘጋ እንደ ገና ተመለሰችና ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ፈረመች።

አሁን የምናገረው ለእኛ ለቆቦ ልጆች የተለየ ነገር ነው። የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ማጣሪያ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን በናይሮቢ ተደረገ፤ በዚያም ሎዛ ብቻዋን 13 ጎል አገባች። ንግድ ባንክ በፍጻሜው በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። ይህን ሁሉ እኛ ያን ጊዜ አልሰማንም። በነሐሴና በጳጉሜን 2013 ቆቦ ምን ላይ እንደ ነበረች ከፊቴ ለተቀመጣችሁት መንገር አያስፈልገኝም። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ጦርነት ነበረ። እኔ ስለ 13ቱ ጎል የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ፣ መንገዱ ተከፍቶ ወልድያ ዘመድ ጥየቃ በሄድን ጊዜ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነው። ያን ቀን ደስ እንዲለኝ ወይም እንዲከፋኝ አላውቅም ነበር። በእነዚያ ቀናት አንዲት ኢትዮጵያዊት እንደዚያ ትሮጥ እንደ ነበር ማወቄ ግን አሁን ደስ ይለኛል።

ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ይህንኑ ማጣሪያ በአዲስ አበባ አሸንፎ ወደ ሞሮኮ ለመሄድ በቅቷል። ሎዛ ግን በዚያን ጊዜ ተሻግራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በአሜሪካ አዲስ በተቋቋመውና በ8 ክለቦች በጀመረው የሴቶች ሊግ፣ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። ዋሽንግተን ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ስለ ሆነች ከአገር ውጭ ስትጫወት በገዛ ቋንቋዋ የሚጠራት ተመልካች አገኘች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ‘ኳስ የወንድ ነው’ ለሚሉት አንድ ነገር ላስታውስ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1920 የፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች ሲጫወቱ 53,000 ሰው ተሰብስቦ አይቷቸዋል። በማግሥቱ ዓመት የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይስማማም ብሎ ሜዳዎቹን ዘጋባቸው፤ ክልከላውም ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚልም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1979 በሕግ ከልክላ ነበር። ስለዚህ ሴቶች ኋላ የቀሩት ባለመቻል ሳይሆን በቁልፍ ነው። የእኛ ወንዶች በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስዱ አባቶቻችን እስከ ዛሬ ይተርኩታል፤ ሉሲዎች በ1997 ዓ.ም. መግቢያ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ የሴቶች ዋንጫ አራተኛ መውጣታቸውን ግን ከዚህ አዳራሽ ስንት ሰው ያውቃል?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በራያ ቆላ ‘እገሊት ወደ ውጭ አገር ሄደች’ የተባለ እንደ ሆነ ሁላችንም የምንረዳው አንድ ነገር ነው። በደላላ እጅ፣ በሌሊት፣ በጅቡቲ በኩል፣ ባሕር ተሻግራ ወደ ዐረብ አገር። ከዚህ ሌላ ውጭ አገር ያለ አይመስለንም። ኳስ በቀኝም በግራም እግሬ እንድመታ ያስተማረችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። ኳሳችን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የሠራነው ነበር፤ የምንጫወተውም ማሽላው ታጭዶ ካበቃ በኋላ በቃርሚያው ላይ ነው። እርሷ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች። በ17 ዓመቷ ሄደች። አሁን በሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት በስልክ ስናወራ፣ ‘የቤቱ ልጅ በኳስ ቡድን ገብታ ትጫወታለች፤ ማሊያዋን የማጥበው እኔ ነኝ’ አለችኝ። ይህን ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ነገሩን ካጣራሁ በኋላ የተረዳሁት ይህ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ሴቶች ወደ ስታዲየም ገብተው ጨዋታ እንዲያዩ የተፈቀደላቸው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተቋቋመ። ከአፍሪካም ከአውሮጳም ተጫዋቾች በውል ተቀጥረው ይጫወቱበታል። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት አፍሪካውያት ይኖራሉ ማለት ነው። አንዲቱ ውሏን አንብባ የፈረመች፣ ሐኪም ያላት፣ ውሏ ሲያበቃ ወደ ፈለገችበት የምትሄድ፤ ሌላይቱ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን የተቆለፈባት። ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው። ልዩነታቸው በምን መንገድ እንደ ሄዱ ነው።

ስለ መንገዱም ያነበብሁትን ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም ደላላ ነገ ደግሞ ‘ኳስ ተጫዋች አደርግሻለሁ’ ብሎ መምጣቱ አይቀርም። በዓለም አቀፉ ማኅበር በፊፋ ደንብ መሠረት፣ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር አትችልም። ስለዚህ ለ15 ዓመት ልጅ የውጭ ክለብ አግኝቻለሁ የሚል ሰው ውሸታም ነው። እውነተኛ ዝውውር በጽሑፍ ውል አለው፤ በሁለቱ አገሮች ማኅበራት በኩልም ያልፋል። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ደግሞ ነፍሰ ጡር የሆነች ተጫዋች ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ጋር እንድታገኝ ተደንግጓል። እናቶች፣ ‘ኳስ ከተጫወተች ልጅ አትወልድም’ የሚለው ወሬ በደንብ መጽሐፉ ፊት እንዴት እንደሚወድቅ እዩልኝ!

ደግሞ ሁሉን በማር አልቀባውም። የዛምቢያዋ ራቼል ኩንዳናንጂ በ2016 ዓ.ም. ከስፔን ወደ አሜሪካ ስትዛወር ከ780,000 ዶላር በላይ ተከፍሎባታል፤ ይህም ያን ጊዜ በሴቶች ዝውውር ከፍተኛው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚደርሳቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ በመጠነኛ ደመወዝ ይኖራሉ። የጉልበት ጅማት መበጠስም ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ከሜዳም ብዙ ወራት ያርቃል። ስለዚህ ትምህርቷን የጣለች ተጫዋች በአንድ እግር እንደ ቆመች ናት። እኔም ሳልማር ልጫወት አላልሁም፤ አባቴ እዚህ ስላሉ ደግሜ እናገረዋለሁ፣ አላልሁም።

ሎዛ ዱራሜ ሜዳ ላይ ሳለች ማልታ ከሰማይ አልወረደችላትም። ከዱራሜ በኋላ ሐዋሳ ነበረ፤ ከሐዋሳ በኋላ ደደቢት ነበረ፤ ለሴት ተጫዋች ደመወዝ የሚከፍል ክለብ፣ ጎሏን የሚቈጥር ሊግ ነበረ። እኛስ? ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወልድያ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25,000 ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አለን። ያማረ ነው፤ ሁላችንም በኩራት ፎቶግራፍ ተነሥተንበታል። ነገር ግን በቆቦና በዚያ ስታዲየም መካከል፣ በሮቢትም ሆነ በጎብዬ፣ አንዲት ልጃገረድ ልረግጠው የምችለውን የመጀመሪያውን ደረጃ እስከ ዛሬ አላየሁም። ትንሽ ሳለሁ በሰፈራችን ሜዳ ስጫወት አንድ ትልቅ ሰው በጆሮዬ ይዞ ወደ ቤቴ አድርሶኛል፤ ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ለእናቴ ውለታ የዋለ መስሎት ነበር።

የእኛም ልመና ስታዲየም አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ነው። ክቡር ዲሬክተራችን ማክሰኞና ሐሙስ፣ የቆላው ሐሩር ሲበርድ ከቀኑ በ11 ሰዓት፣ ሜዳው ለሴቶች እንዲለቀቅ ፈቅደውልናል። የስፖርት መምህራችንም ሊያሠለጥኑን ቃል ገብተዋል። እስካሁን 16 ልጆች ተመዝግበናል። ከእነዚህ ታኬታ ጫማ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ የቀረነው በሸራ ጫማ እንጫወታለን፤ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ለነጋዴ አባቶቻችን ይህን በጆሮ ጣል አድርጌ አልፋለሁ።

ለእናቶች ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ውኃ መቅዳቱን፣ እንጀራ መጋገሩን አንተውም። በእነዚያ ሁለት ቀኖች ግን ሥራውን በጧት አስጨርሱንና ማታ ልቀቁን። ከእናንተ መካከል ፈርታ ልጇን ለብቻዋ መላክ የማትወድ ብትኖር ራሷ መጥታ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትይ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ዛሬም ሐሙስ ስለ ሆነ፣ በዓሉ ሲያበቃ የተመዘገባችሁ ሁሉ ሜዳው ላይ እንገናኝ፤ ኳሱን ትናንት ማታ ነፍተነዋል።