ሰልጣኝ ለምትቀበሉ አርሶ አደሮች እና ልጆቻችሁን ለስልጠና ለምትልኩ ወላጆች

በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ስለ ትብብር ስልጠና እና ስለ ሙያ ብቃት ምዘና የተሰጠ ገለጻ

 ሥራችሁን ጥላችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን የትብብር ስልጠና ነው። የትብብር ስልጠና ማለት አንድ ሰልጣኝ ሙያውን ከፊሉን በኮሌጅ፣ ከፊሉን ደግሞ ሥራው በትክክል በሚሠራበት ቦታ የሚማርበት አሠራር ነው። ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሲባል ፋብሪካ ብቻ አይምሰላችሁ። ሦስት የወተት ላም ያላት እናት ጋጥ፣ የ45 ቀን ጫጩት አሳድገው የሚሸጡ ወጣቶች ቤት፣ የችግኝ ጣቢያ፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ማሳ፣ ሁሉም የስልጠና ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ ወረታ፣ ቡሬ፣ መርሳ እና ኮምቦልቻ ያሉ የግብርና ኮሌጆች ለሰልጣኞቻቸው ሠርቶ ማሳያ አላቸው። ነገር ግን የኮሌጅ ላም የሁሉም ናት፤ ብትታመም የሚከስር ቤተሰብ የለም። ሰልጣኙ ኪሳራን የሚያውቀው እናንተ ዘንድ ሲመጣ ነው።

ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ልጃችሁን እርፍ ያስጨበጣችሁት በትምህርት ቤት አይደለም። መጀመሪያ በሬ እንዲነዳ፣ ከዚያ ቀንበር እንዲጠምድ፣ ከዚያ መሬቱ በለሰለሰ ጊዜ በድግሙ ላይ ጥቂት ትልም እንዲሞክር አደረጋችሁት። ጠማማ ትልም ሲያወጣ ከኋላው ሆናችሁ አረማችሁት። ይህ ስልጠና ነው፤ ጥሩ ስልጠናም ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ልጅ ነገ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለ የወተት እርባታ ተቀጥሬ ልሥራ ቢል፣ «ማለብ አውቃለሁ» ከማለት በቀር በእጁ የሚያሳየው ነገር የለውም። ቀጣሪው ደግሞ እንዲህ የሚለውን ሰው ሁሉ አምኖ ላሙን አይሰጥም። የትብብር ስልጠናና የብቃት ምዘና ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጡ ናቸው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ የሙያ ደረጃ የሚባል ሰነድ ተዘጋጅቷል። ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እየተባለ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰነዱ ባለሙያው ምን መሥራት እንደሚችል፣ በምን መሣሪያና በምን ጥንቃቄ እንደሚሠራ በዝርዝር ይናገራል። ሰልጣኙ ወደ እናንተ ሲመጣ የትኞቹን ሥራዎች እንደሚለማመድ የተጻፈበት ወረቀት እና የሠራውን በየቀኑ የሚመዘግብበት ደብተር ይዞ ይመጣል። ያን ወረቀት ሳታዩ ሰልጣኝ አትቀበሉ። ማንበብ ባትችሉ በቤታችሁ ያለ ተማሪ ያንብብላችሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ሰልጣኙን ምን እናስተምረው የሚለው ነው። ብዙዎቻችሁ «እኔ ያልተማርኩ ገበሬ፣ የኮሌጅ ልጅ ምን ላስተምር?» ትላላችሁ። አንድ ሥራ ልውሰድና ላሳያችሁ።

ገለባን በዩሪያ ማከም ከዚህ ማዕከል የተማራችሁት ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ይሟሟል፣ በገለባው ላይ በንብርብር እየተረጨ ይጠቀጠቃል፣ አየር እንዳያስገባ በፕላስቲክ ይሸፈናል፣ 21 ቀን ይቆያል። ይህን የኮሌጁ ሰልጣኝ በቃሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ሌላ ነው። ገለባውን ሳይመዝን በዓይኑ ገምቶ «መቶ ኪሎ ይሆናል» ይላል። ዩሪያው ሳይሟሟ በጥድፊያ ይረጫል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። የተረፈውን ውኃ በባልዲ እንደያዘ በረት አፍ ላይ ትቶት ይሄዳል፤ ያን ውኃ የጠጣች ላም ደግሞ ልትሞት ትችላለች። ጉድጓዱ ተከፍቶ ሽታው ሳይወጣለት ያበላል። ጥጃም አብሮ እንዲበላ ይለቃል፤ ጨጓራው ገና ያልጎለመሰ ጥጃ ይህን መኖ መብላት እንደሌለበት ሰምቶ ይሆናል፣ ግን ጥጃዋ እናቷን ተከትላ ስትገባ ማን ይከለክላታል የሚለውን አላሰበም። እናንተ የምታስተምሩት እነዚህን ነው። ባልዲውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ጥጃውን በምን እንደሚያስር፣ ላሟ አዲሱን መኖ ስትጠላ ከለመደችው ጋር እየቀላቀለ እንዴት እንደሚያስለምዳት። መጀመሪያ እናንተ ሥሩና ይይ፤ ሁለተኛ አብራችሁ ሥሩ፤ ሦስተኛ እሱ ይሥራ፣ እናንተ ቆማችሁ እዩ። በአራተኛው ብቻውን ይሥራና ውጤቱን ያሳያችሁ። ከዚህ የተለየ የማስተማር ዘዴ አያስፈልጋችሁም።

ሌላው ኮርማ የፈለገችን ላም ማወቅ ነው። ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ እንደምትፈልግ፣ ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እንደምትዳቀል ሰልጣኙ ተምሯል። ነገር ግን ምልክቱን በሥዕል ነው ያየው። ሌሎች ላሞች ሲወጡባት ዝም ብላ የምትቆመውን፣ ስትጮህ የምታድረውን፣ ወተቷ በድንገት የቀነሰውን፣ ከብልቷ ንጹሕ ልጋግ የሚወርደውን በዓይኑ ማየት አለበት። አንዳንዷ ላም ደግሞ ምልክቷ ድብቅ ነው፤ ያቺን የምታውቋት እናንተ ናችሁ። አንድ ዙር ካለፈ ሦስት ሳምንት መኖ ያለ ጥቅም መብላቷ መሆኑን ሰልጣኙ በእናንተ ቤት ሆኖ ሲያሰላው አይረሳውም።

የምታለቡ እናቶች ደግሞ የመጀመሪያውን ጥቂት ጠብታ በጥቁር ሳህን ላይ አልባችሁ ጓል እንዳለው የምታዩ አላችሁ። እያደረጋችሁት ሰልጣኙ ለምን እንደሆነ ካልጠየቃችሁ፣ እናንተ ጠይቁት። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ለሰው እንደማይሰጥም ያሳየው ቤት የእናንተ ይሁን። ይህን በተግባር ያላየ ልጅ ነገ የሰው ወተት ይበክላል።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሌጆች ሰልጣኝ የሚልኩበት ጊዜ ሁልጊዜ ከእርሻው ሥራ ጋር አይገጥምም። የሣር አጨዳ በጥቅምት ሆኖ ሰልጣኙ በሐምሌ ቢመጣ ድርቆሽ አዘገጃጀትን ከየት ይማራል? በእኔ እምነት ይህን ማረም ያለበት ኮሌጁ ነው። ግን እናንተ ካልተናገራችሁ አያውቅም። ሰልጣኝ ለመቀበል ስትመዘገቡ በየትኛው ወር ምን ሥራ እንዳለባችሁ ለልማት ሠራተኛው አስመዝግቡ።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ። ሰልጣኝ ነፃ ጉልበት አይደለም። ወተት እርባታ ልማር ብሎ የመጣን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ፍግ ሲያስዝቁትና ውኃ ሲያስቀዱት ከርመው፣ በመጨረሻ «ሁሉን ሠርቷል» ብለው ደብተሩ ላይ የሚፈርሙ አሉ። ፍግ መዛቅ የሙያው አካል ነው፤ ይዛቅ። ግን እሱ ብቻ ሲሆን ልጁ ተዘርፏል። በአንጻሩ ደግሞ ሰልጣኙ ጭራሽ ሳይመጣ፣ ዘመድ ስለሆነ ወይም አባቱ ስለለመነ ብቻ የሚፈርምለት አለ። ይህኛው ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ያ ልጅ በፊርማችሁ ምስክርነት ነገ የሌላ ድሃ ላም ሊያክም፣ ሊያዳቅል፣ መኖ ሊቀምም ይሄዳል። ያልሠራውን ሥራ ባዶ ተዉት። በደብተሩ ላይ ባዶ መስመር ማየት አሰልጣኙን አያስቆጣውም፤ ኮሌጁ ያን ሥራ ሌላ ቦታ እንዲያለማምደው ይረዳዋል።

ሴት ሰልጣኝ የምትቀበሉ ቤተሰቦች ደግሞ የማደሪያዋን ነገር ከመምጣቷ በፊት ጨርሱ። ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው ቤት፣ ከቤቱ እመቤት ጋር የሚያገናኝ፣ ማታ ለብቻዋ ወደ ወንዝ የማትላክበት። የወላጅ ጥያቄ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ልክም ነው። ወላጆችም ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ ቤቱን እዩ። የኮሌጁን አስተባባሪ ስልክ ልጅቷም እናንተም ያዙ።

ከኮሌጅ የሚመጣ ሰልጣኝ የኮሌጁ ሰልጣኝ ሆኖ ይቆያል፤ ስምምነቱም በእናንተ፣ በኮሌጁና በሰልጣኙ መካከል ነው። ከዚህ የተለየ ሁለተኛ መንገድ አለ። ኮሌጅ ያልገባን ወጣት እናንተ ራሳችሁ ሙያ ልታስተምሩት ብትፈልጉ፣ ለምሳሌ ከፍ ያለ የዶሮ ወይም የወተት እርባታ ያላችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይደነግጋል። ተለማማጁ ዕድሜው ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ መሆን እና በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥ አለበት፤ በቃል ብቻ የተደረገ አይጸናም። በውሉ ውስጥ ስልጠናው ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ በስልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ ይጻፋል። አሠሪው ተለማማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። ውሉ ሲያልቅም ምን ሙያ እንደተማረና ለምን ያህል ጊዜ እንደተማረ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነ ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አይሠራም። ጫጩት ማታ ማታ ሙቀት መጠበቅ ይፈልጋልና የጫጩት ቤት ያላችሁ ይህቺን ልብ በሉ። ሌሊት የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኑራችሁ።

ከብት ቢረግጠው፣ መሣሪያ ቢሰበር፣ እንቁላል ቢፈስ ማን ይችላል? ይህን ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው በዚህ ነው። ማን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ጥፋት ሲኖር ምን እንደሚደረግ በስምምነቱ ላይ አስጽፉ። ቦት ጫማና የሥራ ልብስ ከማን እንደሆነም ይጻፍ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን በክረምት ጭቃ ባዶ እግሩን በረት የሚገባ ሰልጣኝ ከሳምንት በላይ አይቆይም።

አሁን ስለ ምዘናው። ስልጠናው ሲያልቅ ሰልጣኙ በብቃት ምዘና ማዕከል፣ ሰው በተለምዶ ሲኦሲ በሚለው፣ ይመዘናል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። መዛኙ ያሰለጠነው ሰው አይደለም። ውጤቱም እንደ ትምህርት ቤት ከመቶ ስንት የሚባል ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ገና የተባለ ሰው የጎደለውን ተለማምዶ ተመልሶ መመዘን ይችላል። እናንተ የምትጽፉት ወረቀት ልምድን ይመሰክራል፤ የሙያ ብቃትን የሚመሰክረው ምዘናው ነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ «እኔ ጋ ከተማርክ ምዘና አያስፈልግህም» ብላችሁም ለማንም አትንገሩ። ያለ ምዘና የተቀመጠ ስልጠና ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ይህ ምዘና ኮሌጅ ለገቡ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል አሥር ዓመት ያለበች፣ ጫጩት ያሳደገች፣ ንብ ያነባች አለች። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለሙያው ተመዝግቦ መመዘን ይችላል። ለብድር፣ ተደራጅቶ ለመሥራት፣ ለቅጥር ሲጠየቅ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ችግሩ የጽሑፉ ክፍል ነው፤ እጃቸው የሚያውቀውን በወረቀት ላይ ለመመለስ የሚቸገሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ስሙት። አብዛኛው የምትሠሩት ሥራ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ብዙ አልልም። ደብተራችሁን ማታ ማታ ሙሉ፤ በወር መጨረሻ አንድ ላይ የሚሞላ ደብተር ያስታውቃል። ያልገባችሁን ባለቤቷን ጠይቁ። ላሟ የእናንተ አይደለችምና ያለ ፈቃድ መድኃኒት አትንኩ።

ሰልጣኝ ለመቀበል የምትፈልጉ ስማችሁን፣ የምትሠሩትን ሥራ፣ ያላችሁን የከብት ወይም የዶሮ ብዛት እና ሥራ የሚበዛባችሁን ወራት ይዛችሁ በቀበሌያችሁ ለልማት ሠራተኛው ተመዝገቡ። ለሙያ መልመጃ ውል እና ለምዘና ምዝገባ ወደ ወረዳው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። ከሻይ በኋላ የስምምነቱን ቅጽ አንድ በአንድ ድምፅ ከፍ አድርገን እናነባለን፤ ያልገባችሁ መስመር ላይ አስቁሙኝ። ከዚያ ወደ ማዕከሉ ጋጥ ወጥተን 50 ኪሎ ገለባ መዝነን እናክማለን። ሚዛኑን የሚይዙት ወጣቶቹ ናቸው፤ የምታርሟቸው እናንተ ናችሁ።