ተራው ወታደር ከሥዕሉ ውስጥ የታል?

(ወልድያ ላይ ለኪነ ጥበብ ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር)



መርሳ ባለው የአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የአድዋ ሥዕል ተሰቅሏል። ከጎኑ መዳፍ የምታህል የአጎቴ ፎቶግራፍ አለች። አጎቴ የደርግ ወታደር ነበር። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ እነዚህ ሁለት ምስሎች ነው።

የአድዋን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ከሥር ምኒልክና ጣይቱ፣ መኳንንቱም ብዙ ጊዜ ከነስማቸው። ወገን በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት በጎን ፊቱ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ተራው ወታደርስ? እሱማ ጋሻውን ይዞ ተደርድሯል፤ ሁሉም አንድ ፊት፣ ሁሉም ስም የለሽ!

ያ ሠራዊት ግን ወሎን በእግሩ አቋርጦ የካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲሰፍር ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ባዶ ስልቻ የያዘ ዘማች ያለበት ሥዕል እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደርግም አልተሻለም። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቆመው የትግላችን ሐውልት ወታደሩ ክንደ ብርቱ ነው፤ ፍርሃት አያውቅም። አያቴ እንደምትነግረኝ ግን ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን አጎቴ መርሳ የገባው በባዶ እግሩ፣ በሌሊት፣ ሰው እንዳያየው ተደብቆ ነው። ያኔ በየመንገዱ ለምጽዋት እጁን የዘረጋው ወታደር ስንት ነበር! ለእሱስ ማን ሐውልት አቆመለት? የዘመቻውን ገመና የገለጠው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲውም በ1976 እንደወጣ ቀረ።

ጎበዝ፣ ይኼ የሩቅ ታሪክ አይምሰላችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ መርሳና ሐብሩም አልቀረላቸውም። በዚያ ጦርነት ቀረርቶውና ዘፈኑ እንደ ጉድ ጎረፈ። ሁሉም «ዝመት!» ይላል፤ «ተመልሰህስ እንዴት ሆንክ?» የሚል ግን አልሰማሁም።

እናንተ ሠዓሊዎች፣ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ከጦር ሜዳ ከተመለሰ አንድ ልጅ ቤት ግቡ። ምን በላህ? ፈርተህ ነበር? የማንን ስም ጠራህ? በሉት። «ይኼ ሞራል ይነካል» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ሞራል የሚነካው ግን ሥዕሉ ሳይሆን እግሩን ያጣው ልጅ ያለ ጠያቂ መቅረቱ ነው!

የአጎቴ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእጁ የጻፈው አለ። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ደህና አልነበረም። ይህንን የሚሥልልን ነው ያጣነው።